ስለ ወይዘሮ ኤልዛቤት ኮተን «መገኘት»

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሳምንት በኪነ ጥበብ ገጻችሁ ስለ አሜሪካዊቷ ጊታር ተጫዋችና የዘፈን ደራሲ ስለ ወይዘሮ ኤልዛቤት ኮተን ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኚህን ሴት ለአማርኛ አንባቢ ለማስተዋወቅ መነሣታችሁ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ጽሑፉ «የቤት ሠራተኛ ሳለች አሠሪዎቿ ያገኟት ባለሙያ» እያለ ታሪካቸውን ከእርጅናቸው መጀመሩ፣ ይባስ ብሎም አሠሪዎቹን «እሳቸው» እያለ ሲያከብር በዘጠና አራት ዓመታቸው ያረፉትን ባለታሪክ «እርሷ» ማለቱ አልተዋጠልኝም። ዓመታቱን የጠቀስኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ወይዘሮ ኤልዛቤት የተወለዱት በ1893 በሰሜን ካሮላይና፣ በቻፕል ሂል አጠገብ፣ የባቡር ድምፅ በሚሰማበት መንደር ነው። በልጅነታቸው ወንድማቸው ከቤት ሲወጣ ጠብቀው ባንጆውን፣ ጊታር የመሰለውን ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ፣ በድብቅ ይነካኩ ነበር። ትምህርታቸውንም ገና በጠዋቱ አቋርጠው በሰው ቤት ተቀጠሩ፤ ካገኟት ጥቂት ገንዘብ አጠራቅመውም በ3 ዶላር ከ75 ሳንቲም የራሳቸውን ጊታር ገዙ። አስተማሪ አልነበራቸውም።

እዚህ ላይ ጽሑፋችሁ «ለየት ባለ አያያዝ ትጫወት ነበር» ብሎ በአንድ ሐረግ ያለፈውን ነገር ትንሽ ላብራራ። ጊታሩ የተሠራው ለቀኝ እጅ ነው፣ እሳቸው ደግሞ ግራኝ ናቸው። ግራኝ የሆነ ሰው ብዙ ጊዜ ክሮቹን ፈትቶ ቦታ ያለዋውጣል፤ እሳቸው ግን ክሮቹን እንዳሉ ትተው ጊታሩን ገልብጠው ያዙት። ያን ጊዜ ወፍራሞቹ ክሮች ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ቀጫጭኖቹ ወደ ላይ ይወጣሉ። ሌላው ተጫዋች በአውራ ጣቱ ወፍራሙን ድምፅ እየጠበቀ በቀሩት ጣቶቹ ዜማውን ያወጣል፤ በእሳቸው እጅ ግን ወፍራሙን ድምፅ የሚጠብቁት ጣቶቹ ሲሆኑ ዜማውን የሚያወጣው አውራ ጣት ነው። እኔም ግራኝ ስለሆንኩ አንድ ክረምት ሙሉ ይህንን ሞክሬዋለሁ። ጠቋሚ ጣቴ ምቱን መጠበቅ ሲለምድ አውራ ጣቴ ይዘገያል፣ አውራ ጣቴን ሳፈጥነው ምቱ ይጠፋብኛል፤ በመጨረሻም ክሮቹን ፈትቼ እንደ ሰው ሁሉ አለዋወጥኳቸው። ባለሙያዎች እስከ ዛሬ «ኮተን ፒኪንግ» የሚሉት ይህ ስልት ማንም ሳያገኛቸው፣ በአንዲት የገጠር ልጅ ጓዳ ውስጥ የተፈጠረ ነው።

«ፍሬይት ትሬን» ወይም «የጭነት ባቡር» የተባለውን ዘፈናቸውንም የደረሱት በአሥራ አንድና በአሥራ ሁለት ዓመታቸው መካከል እንደነበር ራሳቸው ይናገሩ ነበር። በዘፈኑ ውስጥ ሸሽቶ የሚሄድ ሰው የተሳፈረበትን ባቡር ለማንም እንዳይነግሩበት ይለምናል፤ ሲሞትም ባቡሩ ሲያልፍ መስማት በሚችልበት ቦታ እንዲቀብሩት ይናዘዛል። ከአንዲት ልጅ የወጣ ኑዛዜ መሆኑን ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሌላው የታወቀ ዘፈናቸው ደግሞ አንዲት ጎረቤት በሐሰት ለእናታቸው ከስሳ ካስቀጣቻቸው በኋላ የተደረሰ ነው።

ከዚያ በኋላ ዝምታ መጣ። በ1910 አገቡ፣ አንዲት ሴት ልጅም ወለዱ። የቤተ ክርስቲያናቸው ዲያቆናት ዓለማዊ ዘፈን ለአማኝ አይገባም ስላሏቸውና የኑሮው ጣጣም ስለበዛባቸው ጊታሩን ለአሥርተ ዓመታት አስቀመጡት። በኋላ ወደ ዋሽንግተን ሄደው በአንድ ትልቅ መደብር ውስጥ ሲሠሩ ከእናቷ የጠፋች ሕፃን አግኝተው መለሱ። እናትየዋ የሙዚቃ ቀማሪዋ ሩት ክሮፎርድ ሲገር ነበሩ፤ ወይዘሮ ኤልዛቤትም በእሳቸውና በባለቤታቸው በሙዚቃ ሊቁ በቻርልስ ሲገር ቤት ተቀጠሩ። እንግዲህ በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ሰው «ተገኘ» ከተባለ የተገኘችው ሕፃኗ ናት። ወይዘሮዋ ሥራ በረድ ሲልላቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ጊታር አውርደው ጣቶቻቸው ያልረሱትን መጫወት ጀመሩ።

የሲገር ቤተሰብ ውለታ ትንሽ አይደለም። የቤቱ ልጅ ማይክ የወይዘሮዋን ጨዋታ በገዛ ቤታቸው ቀርጾ በ1958 በፎክዌይስ ኩባንያ አልበም ሆኖ እንዲወጣ አድርጓል፤ ይህ ባይሆን እኔም ዛሬ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ነገር ግን በጽሑፋችሁ ውስጥ ያልተነሣ ሌላ ነገር አለ። ከቤቱ ልጆች አንዷ የሆነችው ፔጊ «ፍሬይት ትሬን»ን ከወይዘሮ ኤልዛቤት ተምራ ወደ እንግሊዝ ይዛው ሄደች። እዚያም ሁለት ሰዎች የራሳችን ድርሰት ነው ብለው አስመዘገቡት፤ በ1957ም ቻስ ማክዴቪትና ናንሲ ዊስኪ የተጫወቱት ቅጂ በእንግሊዝ ከፍተኛ ተወዳጅነት ካገኙት ዘፈኖች ተርታ ገባ። ዘፈኑ ባሕር ተሻግሮ ሲነግድ ደራሲዋ ዋሽንግተን ውስጥ የሰው ቤት ያጸዱ ነበር። የሲገር ቤተሰብ አግዟቸው የደራሲነት መብታቸው በከፊል የተመለሰላቸው ከብዙ ክርክር በኋላ ነው። «አሠሪዎቿ አገኟት» ብሎ የሚቆም ትረካ ይህንን ሁሉ ይውጠዋል።

በ1960 ከማይክ ጋር ለሕዝብ መጫወት ሲጀምሩ ዕድሜያቸው ከስድሳ አምስት አልፎ ነበር። በ1967 ባወጡት አልበም ርእስ የሆነውን ዘፈን ከልጅ ልጆቻቸው ልጆች ጋር ደርሰውታል፤ በቅጂው ላይም የምትዘፍነው ከእነዚሁ ልጆች አንዷ ናት። በስተእርጅና በኒውዮርክ ግዛት በምትገኘው ሲራኪዩስ ቤት ገዝተው ኖሩ። በ1984 የአሜሪካን ብሔራዊ የቅርስ ክብር፣ በ1985 ደግሞ በዘጠና ሁለት ዓመታቸው የግራሚ ሽልማት ተቀበሉ፤ በሰኔ 1987ም አረፉ። በ2022 ስማቸው በሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ሰፍሯል።

ጥያቄዬ አንድ ነው። በጽሑፉ ግርጌ ባወጣችሁት የዘፈኖች ሠንጠረዥ ውስጥ፣ ከ«ፍሬይት ትሬን» ትይዩ በደራሲ ረድፍ «ባሕላዊ» ተብሎ ተጽፏል። በሚቀጥለው እትም በዚያ ቃል ቦታ «ኤልዛቤት ኮተን» የሚል እርማት እንድታወጡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ