ሳሎኔ ውስጥ ስላለው ሮቦት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

አንድ አንባቢያችሁ በፊልም የታየ ዕቃ እቤቱ ቁጭ ብሎ የሚሠራን ሰው «ሥራ ፈት» ብለውታል። እኔን የነኩኝ ያህል ተሰማኝ።

የ«ስታር ዋርስ» ፊልምን ትንሽ ሮቦት፣ አርቱ-ዲቱን፣ በቁመቱ ልክ እየሠራሁ ነው። 1 ሜትር ከ9 ሳንቲም ገደማ ነው። ገላውን ከኤምዲኤፍ፣ ከተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ፣ ቆረጥኩት። ጭንቅላቱ ግን አበሳዬን አሳየኝ። 46 ሳንቲም ስፋት ያለው ጉልላት ከየት ይመጣል? ምን አለሽ ተራ ያሉ አንድ አባት አሉሚኒየሙን በእንጨት መዶሻ እያዞሩ ቀጠቀጡልኝ። በመዳፋቸው ይዳብሱና የጎረበጠችውን ቦታ ብቻ መልሰው ይመታሉ። «የምን ክዳን ነው?» አሉኝ። ስነግራቸው ሳቁ። ዋጋውን ግን አልቀነሱም!

እ.ኤ.አ. በ1977 ለወጣው ፊልም የሠሩትም ቢሆኑ ጭንቅላቱ ላይ የገጠሙት የአውሮፕላን የንባብ መብራት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ለወጣው ደግሞ ሮቦቱን እንዲሠሩ የተቀጠሩት ሁለት እንግሊዛውያን ቤታቸው ለፍቅሩ ብለው ሲሠሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው። እንግዲህ ሥራ ፈቶቹ እንጀራቸውን አገኙ።

የቀረኝ እግሩ ነው። የመኪና ዝናብ መጥረጊያ ሞተር የሚሸጥ አንባቢ ካለ እገዛለሁ። ሁለት፣ አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ አለዚያ ወደ ጎን ይነዳብኛል።

አንባቢያችሁ፣ ከኮልፌ