ቢሾፍቱን ከውኃዋ ጀምረሽ እወቂያት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ለእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቢሾፍቱ መመደብሽ እጅግ ደስ ብሎኛል። አዲስ አበቤ ከተማዋን የሚያውቃት በእሑድ መዝናኛነቷ ነው፤ አንቺ ግን ልትኖሪባት ነውና ጠለቅ ብለሽ እንድታውቂያት እሻለሁ።

ሆራ፣ ባቦጋያና ቢሾፍቱ ሐይቅ የተፈጠሩት፣ ወደ ላይ የሚወጣ ቅልጥ ዐለት ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ሲገናኝ እንፋሎቱ መሬቱን አፈንድቶ ነው። ዳርቻቸው ገደል የሆነው ለዚህ ነው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት ከ80 ሜትር ያልፋል፤ ዋና ብትችይም ብቻሽን አትግቢ። ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ ስለሌላቸው የገባባቸው ቆሻሻ እዚያው ይቀራል፤ ይህ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። በቀዝቃዛዎቹ ወራት ዓሣ በብዛት ሞቶ ሲንሳፈፍ ብታዪ ግን፣ ሰው መርዞት ነው ለማለት አትቸኩዪ። የላይኛው ውኃ ሌሊት ቀዝቅዞ ሲከብድ ይሰምጣል፤ ነፋሱም ያማስለዋል። ያን ጊዜ ኦክስጅን ያጣው የታችኛው ውኃ ይወጣና ዓሣውን ያፍነዋል። ያም ሆኖ የተንሳፈፈ ዓሣ አይበላም።

ከመስቀል ቀጥሎ ባለው እሑድ ሆራ አርሰዲ ላይ ኢሬቻ ይከበራል። ሕዝቡ ሐይቁን አያመልክም፤ ክረምቱን በሰላም ያሻገረውን ዋቃን፣ ማለትም ፈጣሪን፣ ያመሰግናል። አባ ገዳዎች ይመርቃሉ፣ ሰዉም እየዘመረ ወርዶ የያዘውን እርጥብ ሣርና አበባ ውኃ እየነከረ ይረጫል። ሣርሽን አስቀድመሽ ያዢ። መንገዶች ስለሚዘጉ በእግር ሂጂ፤ ከገደልና ከቦይ አፋፍም ራቂ። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. አስለቃሽ ጭስ ተተኩሶ ሕዝቡ ሲሸሽ፣ ብዙ ሰው ጥልቅ ቦይ ውስጥ ወድቆና ተረጋግጦ ሕይወቱ አልፏል። ስለዚያ ቀን የከተማው ሰው ሲያወራ ዝም ብለሽ አድምጪ።

ቀሪውን ታሪኳን ቀስ በቀስ ትደርሺበታለሽ፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ ባቡር በእሷ በኩል ነው ያለፈው፣ የአየር ኃይሉም ዋና ሰፈር እዚያው ነው። ደብረ ዘይት የሚለውን የቀድሞ ስሟን ዛሬም ከብዙ ሰው አፍ ትሰሚዋለሽ።

የግብርና ምርምር ማዕከሉን ግን ሳታዪ እንዳትቀሪ። ቁንጮ የተባለው ነጭና ምርታማ ጤፍ የወጣው ከዚያ ነው። ጤፍ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ሰብል ስለሆነ፣ ሁለት ዝርያ ለማዳቀል ያቺን ደቃቃ አበባ በማጉያ እያዩ ወንዴውን ክፍል መንቀል፣ ከዚያ የሌላውን ዝርያ የአበባ ዱቄት ማስነካት ያስፈልጋል። አበባው የሚከፈተው ማለዳ፣ ለአጭር ጊዜ ነው። ሥራውን ማየት ከፈለግሽ አስቀድመሽ አስፈቅጂና ከ1 ሰዓት በፊት እዚያ ተገኚ፤ ረፋዱ ላይ ከደረስሽ አበባው ተዘግቶ ነው የሚጠብቅሽ።

እናትሽ