ሕመሜን በስሙ ለጠሩልኝ፤ የምስጋና መልእክት

ባለፈው የካቲት ራሴን አሞኝ ከማስተምርበት ክፍል ተደግፌ ከወጣሁ በኋላ የሆነውን በጅማ የምታውቁኝ ሁሉ ስለሰማችሁ መልሼ አልተርከውም። ይህን የምጽፈው ዛሬ ሰሌዳ ፊት ለመቆም የበቃሁት በብዙ ሰው ደግነት መሆኑን ለመመስከር፣ በተለይም በግቢያችን የሚኖሩትን ጡረተኛ ነርስ ለማመስገን ነው። ስሜ አይጠራ ስላሉኝ፣ ሰፈሩ እንደሚጠራቸው «ሲስተር» ብቻ እላቸዋለሁ።

ለዓመታት አንዱ ሳይነስ ነው፣ ሌላው ምች ነው እያለ ዳማከሴ ሲያሽልኝና ጭማቂውን በቡና ሲያጠጣኝ፣ ከአንድ ክሊኒክም የሳይነስ መድኃኒት ይዤ ደጋግሜ ስመለስ፣ ራሴን እንዴት እንደሚያመኝ ቁጭ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ሲስተር በዚያ ቀን አመሻሽ ላይ መጋረጃውን ዘግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ በአንድ ጠየቁኝ። በአንድ ወገን ነው ወይስ በሁለቱም? እንደ ደም ሥር ይመታል ወይስ እንደ ጠበቀ ሻሽ ዙሪያውን ይይዛል? ስትራመጂ ይብሳል? ያቅለሸልሻል? ብርሃንና ድምፅ ያስጠላሻል? ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት የሚቆይ፣ እየተመላለሰ የሚነሣ፣ ብዙ ጊዜ ግማሽ ራስን ይዞ የሚወቃ እንዲህ ያለ ሕመም ማይግሬን እንደሚባል የሰማሁት ከእሳቸው አፍ ነው።

ከሕመሙ ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን ቀድሞት የሚመጣው ነገር ነበር። ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ቃል መሐሉ ይጠፋብኛል፤ የጠፋው ቦታ ዳር ዳሩ እንደ ቀሚስ ጥለት ጥርስ ጥርስ ሠርቶ እያብለጨለጨ ይሰፋል፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሲለቀኝ ግራ ጆሮ ግንዴ መውቃት ይጀምራል። ይህን ለባለቤቴ እንኳ ነግሬው አላውቅም፤ ዓይኔ ሊጠፋ ነው፣ ካልሆነም አንዳች ነገር ለክፎኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ሲስተር «ዓይንሽን ስትጨፍኚም ይታይሻል?» ሲሉኝ እንባዬ ቀደመኝ፤ ጨፍኜም ይታየኝ ነበርና። ኦራ እንደሚባል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 60 ደቂቃ እንደሚቆይ፣ ማይግሬን ካለባቸውም ጥቂቶቹ ብቻ እንደሚያዩት አስረዱኝ። በዋዜማው የሚያስቸግረኝ ማዛጋትና የአንገቴ መገተርም የዚሁ ሕመም መልእክተኞች ኖረዋል።

በማግስቱ ደብተር ገዝተው፣ በማስመሪያ ከፋፍለው አመጡልኝ፦ ቀን፣ የጀመረበት ሰዓት፣ የትኛው ወገን፣ ምን በላሽ፣ ስንት ሰዓት ተኛሽ፣ የወር አበባ፣ የወሰድሽው ኪኒን። ከወር በኋላ መነጽራቸውን አድርገው ሲቆጥሩ የራስ ምታት ኪኒን የዋጥኩባቸው ቀኖች 19 ሆነው ተገኙ። ተራ ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ከሦስት ወር አልፎ ሲወሰድ ራሱ ራስ ምታት እንደሚያመጣ ያኔ ተማርኩ። አልተቆጡኝም፤ ደብተሩን አስይዘው ይዘውኝ ወደ ሆስፒታል ሄዱና በወረፋው እስከ ስምንት ሰዓት ምሳ ሳይበሉ አብረውኝ ተቀመጡ። ይህን ስጽፍ አሁንም ሆዴ ይባባል።

ደብተሩን ገጽ በገጽ ላነበቡት፣ የእጅ የእግሬን ጉልበትና ዓይኔን መርምረው መከላከያ መድኃኒት ላዘዙልኝ ሐኪም ምስጋናዬ ትልቅ ነው። በድንገት እንደ መብረቅ የሚመታ፣ ከትኩሳትና ከአንገት መድረቅ ጋር የሚመጣ፣ አካልን የሚያዝል ወይም ከ50 ዓመት ዕድሜ በኋላ አዲስ የሚጀምር ራስ ምታት ሳይውል ሳያድር መታየት እንዳለበት አጥብቀው ነግረውኛል፤ የእኔን ታሪክ ሰምቶ የራሱንም ማይግሬን ነው ብሎ ቤቱ የሚተኛ እንዳይኖር ይህን መጥቀስ ግዴታዬ ነው።

የግቢያችን እናቶች ሙቀጫውን ወደ ጓሮ አዙራችሁ፣ ሲያመኝም ዕጣን ማጨስ ትታችሁልኛል። ያለ ዕጣን ቡና ማፍላት ለጅማ ሴት ምን ያህል እንደሚከብድ ስለማውቅ ውለታችሁን አልረሳውም። የሥራ ባልደረቦቼ፣ ተማሪዎቼ፣ የዕድሩ አባላት፣ በጸሎትም በዱዓም ያሰባችሁኝ ሁሉ፣ ፈጣሪ ብድራችሁን ይመልስልኝ። ባለቤቴ የራሱን ያውቃል።

ስማችሁን ሳልጠራ ያለፍኳችሁ ይቅር በሉኝ፤ በዚያ ሰሞን ጨለማ ክፍል ውስጥ ስለነበርኩ ማን መጥቶ ማን እንደ ሄደ በድምፅ ብቻ ነው የማስታውሰው። ደብተሬን ለመገልበጥ የወሰዳችሁም፣ ከእጅ ወደ እጅ አልፎ የት እንደ ደረሰ ስላላወቅሁ፣ በወሩ መጨረሻ ሐኪሙ ስለሚፈልጉት እባካችሁ ለሲስተር መልሱልኝ።

አክባሪያችሁ መምህርት፣ ከጅማ