ጊዜ የተረፈው ሰው

ውዴ፣

እንዴት ነሽ? ሁለት አመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ እንዴት ነሽ ስልሽ «ይቺ ልጅ ምን ነካት» እንደምትይ አውቃለሁ። ቴሌግራም ላይ የላክሽልኝን ሁለቱንም አይቼዋለሁ፣ ልመልስ ብዬ ስጀምር ይረዝምብኛል፣ ሳሳጥረው ደሞ ቁጣ ይመስልብኛል፣ እንዲሁ ነገ ነገ ስል እዚህ ደረሰ። ዛሬ ሐዋሳ ከሰአት ጀምሮ ዝናቡን እያወረደው ነው፣ ሱቅ የሚገባ ሰው የለም፣ በቃ ቁጭ ብዬ ልጨርሰው አልኩ።

ሳልሸፋፍን ልንገርሽ፣ የተቀየምኩሽ እኛ ቤት የምናየውን ድራማ ሬድዮ ላይ ስለነቀፍሽ አይደለም። ሂሱን የጀመርሽ ሰሞን እኮ ሰፈሩን ሁሉ «ጓደኛዬ ናት፣ ስሟት» እያልኩ ያስቸገርኩት እኔ ነኝ። ያን ቅዳሜም ታሪኩ ተጎተተ አልሽ፣ ተዋናዮቹ ይጮሃሉ አልሽ፣ ሙዚቃው ያደነቁራል አልሽ፣ እሺ፣ ሙዚቃውስ በእውነት ያደነቁራል። ከዛ ግን ቀጠልሽና «ይሄን የሚያይ ሰው ጊዜ የተረፈው ነው» አልሽ። እማዬ ምጣዱ ላይ ነበረች። ታውቂያታለሽ፣ ለሆቴሎች እንጀራ የምታቀርብ ሴት ናት፣ ከሌሊቱ 10 ሰአት ነው የምትነሳው። አክንባሎውን እንደያዘች ዞር ብላ «ጊዜ የተረፈኝ እኔ ነኝ?» አለችኝ። አልተቆጣችም፣ ዝም ብላ ነው የጠየቀችኝ፣ እኔም ምን እንደምላት ጠፋኝ። እንጀራው አረረ። እማዬ እንጀራ ሲያርባት አይቼ አላውቅም።

ድራማውን እንደፈለግሽ ስደቢው፣ ስራሽ ነው። ግን አንቺ ያየሽውና እኛ ያየነው አንድ ነገር አይደለም እኮ። አስሩን ክፍል በሁለት ማታ ማስታወሻ ይዘሽ እንደጨረስሽው ራስሽ ነግረሽኛል። ውጪም ያው ነው፣ ለሃያሲዎቹ ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚላኩላቸው የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ክፍሎች ናቸው፣ ሲዝኑ ሳያልቅ ፍርዱ ይወጣል። እኛ ግን በሳምንት አንዷን ጠብቀን ነው የምናያት፣ ማስታወቂያ ሲገባ ቶናው ይቀዳል፣ በረካው ሲደርስ ድራማው ያልቃል። አንዴ ልክ ሊጀምር ሲል መብራት ጠፋ። ጎረቤታችን ምን ብታደርግ ጥሩ ነው፣ ፒያሳ ላለችው እህቷ ደውላ «ስልኩን ቴሌቪዥኑ ስር አስቀምጪልን» አለቻት፣ ስፒከር ላይ አድርገን ሰባት ሆነን ሻማ ከበን ሰማነው። የሆነ ሰው በጥፊ ተመታ፣ ጥፊው ጧ ሲል ተሰምቷል ግን ማን ማንን እንደመታ አላወቅንም፣ እህትየውን እንዳንጠይቅ ልጇ እያለቀሰ አልሰማችንም፣ ሳምንቱን ሙሉ በሱ ስንከራከር ከረምን። እማዬ «ሰውየው ነው የተመታው፣ የወፍራም ጉንጭ ድምፅ ነው» ብላ ድርቅ አለች። እሷ ናት ልክ የሆነችው። እና ይሄንን «ሴራው የላላ ነው» ስትይኝ ምን ልበልሽ።

በነገራችን ላይ የቱርኩን ድራማ «መጨረስ በሌለበት ቦታ ይጨርሳል» ብለሽ ያብጠለጠልሽ ጊዜ ለደራሲው አዘንኩለት። ቱርክ አገር አንዱ ክፍል ከ2 ሰአት በላይ ይሄዳል፣ ለውጭ ሲሸጥ ነው የሚቆራረጠው፣ እኛ ጋ የሚደርሰው ቁራጩ ነው። ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ይዞ በ2008 ሲጀምርም ታስታውሺያለሽ አይደል፣ ብዙም ሳይቆይ አርቲስቶቹ ባህል ሊጠፋ ነው፣ የአገር ስራ ሊሞት ነው ብለው ተነሱ፣ የአገር ስራው ነገር እውነትነት ነበረው፣ ግን በዛው ሰሞን ሰፈራችን ውስጥ ከአስር ቤት ዘጠኙ ቃና ላይ ነበር።

ደሞ ያቺ የቲማቲም ፐርሰንት! ሮተን ቶሜቶስ፣ ያ የሃያሲዎችን አስተያየት የሚሰበስበው ድረ ገጽ፣ 90 ሰጠው እያልሽ አፌን ስትዘጊኝ ኖረሽ፣ ኋላ ሳነብ ለካ ከ100 ሃያሲ 90ዎቹ ወደውታል ማለት ነው እንጂ 90 ማርክ ሰጡት ማለት አይደለም፣ «ምንም አይልም፣ ይታያል» ያለውም «ድንቅ ነው» ካለው እኩል ይቆጠራል። ተመልካች የሰጡትን ይበላል ያልሽውንም አልቀበልሽም፣ በፈረንጆቹ 2019 ጌም ኦፍ ትሮንስ የሚባለው ተከታታይ ድራማ መጨረሻው ሲበላሽ እንደገና ይሰራልን ብሎ የፈረመው ከ1 ሚሊዮን ሰው በላይ ነው፣ እና እነሱ ሃያሲ አይደሉም።

አንድ ቦታ ላይ ግን ረትተሽኛል። ዘ ዋየር የሚባለውን የአሜሪካ ድራማ ያየሁት ባንቺ ጭቅጨቃ ነው። በፈረንጆቹ ከ2002 እስከ 2008 ሲታይ ተመልካቹ ጥቂት፣ ኤሚ የሚባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት አንድም አላገኘ፣ ሃያሲዎቹ ባይጮሁለት ኖሮ እኔ ጋ የሚደርስበት መንገድ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች እንቅልፌን ለጥጬበታለሁ፣ ከዛ በኋላ ግን አንድ ሳምንት ሱቅ የከፈትኩት አርፍጄ ነው። ይሄንን ያኔ ልነግርሽ ፈልጌ ነበር፣ ተኳርፈን ነበርና ዋጥኩት።

እማዬ ደህና ናት፣ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል። ቂም የያዘችብሽ እንዳይመስልሽ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሬድዮውን ራሷ ነው የምትከፍተው፣ ምጣዱን ለልጅቷ ትታ ወንበር ስባ ትቀመጣለች፣ አንቺ አንድ ስትይ እሷ ሁለት ትላለች፣ «ውሸት!» ብላ የምትጮህበትም ቀን አለ። ለፋሲካ ከመጣሽ አሞራ ገደል አሳ በዳጣ እጋብዝሻለሁ። እስከዛው ግን አንድ ነገር ላኪልኝ፣ ፕሮግራማችሁ ላይ አድማጭ የሚደውልበት ስልክ ካለ ቁጥሩን። እማዬ ናት የምትፈልገው፣ «ስሜን አልናገርም፣ ድምፄን ትለየው እንደሆን አያለሁ» እያለች ነው።

ያንቺው