በፍጥነት የጠፋ ዲስክ ባዶ አይደለም

ለክቡር ዋና አዘጋጅ፦

ባለፈው ሰሞን በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ፣ ደጋግሞ የሚጻፍባቸው ሲዲዎችና ዲቪዲዎች ለሌላ ሰው ከመተላለፋቸው በፊት በኮምፒውተር ማጥፋት እንደሚበቃ የሚገልጽ ምክር አውጥታችኋል። ምክሩ በቅንነት የተሰጠ መሆኑን አልጠራጠርም። ነገር ግን ፈጣንና ሙሉ የሚባሉ ሁለት የማጥፊያ መንገዶች እንዳሉ፣ ውጤታቸውም የሰማይና የምድር ያህል እንደሚራራቅ ሳያነሣ በማለፉ፣ የግል ሰነዱን ጠፍቷል ብሎ የሚያምን አንባቢን እንዳያሳስት በመስጋት ይህን ማብራሪያ ልኬላችኋለሁ።

በእነዚህ ዲስኮች ውስጥ መረጃውን የሚይዘው በአብዛኛው ከብር፣ ከኢንዲየም፣ ከአንቲሞኒና ከቴሉሪየም የተቀየጠ ስስ ንጣፍ ነው። በሚጻፍበት ጊዜ የሌዘሩ ጨረር ጥቃቅን ነጥቦችን ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ አሙቆ ያቀልጣቸዋል፤ እነሱም በቅጽበት ሲቀዘቅዙ የቀድሞውን የክሪስታል አቀማመጥ መልሰው ለመያዝ ጊዜ ስለማያገኙ ብርሃን የማንጸባረቅ አቅማቸው ይቀንሳል። በሚጠፋበት ጊዜ ደግሞ ጨረሩ ለዘብ ባለ ኃይል፣ 200 ዲግሪ ገደማ አሙቆ ክሪስታሉን ይመልሰዋል። እንግዲህ የተጻፈው በእርግጥ እንዲጠፋ ከተፈለገ ጨረሩ ከዲስኩ መሐል ተነሥቶ እስከ ጠርዙ ድረስ ያለውን ጠመዝማዛ መስመር አንድ በአንድ ማዳረስ አለበት። 700 ሜጋባይት የሚይዝ ሲዲ ከመደበኛው የማጫወቻ ፍጥነት በ4 እጥፍ ሙሉ በሙሉ ለማጥፋት 20 ደቂቃ ያህል የሚፈጀው በዚህ ምክንያት ነው።

አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ግን ተጠቃሚው ሌላ ካልመረጠ በቀር የሚያቀርቡት ፈጣኑን መንገድ ነው። ይህኛው የሚጠርገው በመሐል አካባቢ የሚገኘውን ማውጫ፣ ማለትም የትኛው መረጃ የት እንደተጻፈ የሚያመለክተውን ዝርዝር ብቻ ስለሆነ በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ያልቃል፤ ዲስኩን የሚያነበውና የሚጽፍበት መሣሪያ፣ ድራይቩም ማውጫ ሲያጣ «ዲስኩ ባዶ ነው» ይላል። ነገሩን በዓይን ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው እንዲህ የጠፋውን ሲዲ ገልብጦ በብርሃን አንጻር ቢያዘነብለው፣ ቀድሞ የተጻፈበት ክፍል ከቀሪው ትንሽ ጠቆር ያለ ቀለበት ሆኖ ብዙውን ጊዜ እንደነበረ ይታየዋል። ዲቪዲ ፕላስ አርደብሊው የተባለው ዓይነት እንዲያውም ተለይቶ የሚጠፋበት ሥርዓት የለውም፤ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይጻፍበታል እንጂ። እሱን «ፎርማት አደረግሁ» ማለት በአብዛኛው በአሮጌው ማውጫ ምትክ ባዶ ማውጫ ተጻፈ ማለት ነው። ስለዚህ የሚበጀው ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር እርባና በሌለው ፋይል መሙላት ነው።

ይኸው ክፍተት ፋይሉን በስሕተት ላጠፋ ሰው ትልቅ ተስፋ መሆኑን ዓምዳችሁ ጨርሶ አለማንሣቱ ያሳዝናል። ፋይሎች እንደ ፍላሽ እየተጎተቱ በሚገቡበት ዲስክ ላይ አንድ ፋይል ሲሰረዝ የሚወገደው በማውጫው ላይ ያለው ምዝገባ ነው፤ ይዘቱ ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ በቦታው ይቆያል። በተለያየ ጊዜ በተጻፈ ዲስክ ላይም እንዲሁ፣ የኋለኛው ማውጫ የፊተኛውን ሳያካትት ከተመዘገበ የቀድሞዎቹ ፋይሎች ከእይታ ይሰወራሉ እንጂ አይጠፉም፤ የፊተኛውን ማውጫ መርጦ የሚከፍት ፕሮግራም መልሶ ያሳያቸዋል። ስለዚህ ፋይል የጠፋበት ሰው ወዲያውኑ መጻፉን ማቆም፣ ኮምፒውተሩ «ዲስኩ ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ሲጠይቅም እምቢ ማለት ይገባዋል። ቀጥሎ ዲስኩን በሌላ ድራይቭ ይሞክር፤ ደጋግሞ የሚጻፍበት ሲዲ የሚመልሰው ብርሃን ከ15 እስከ 25 በመቶ ብቻ ሲሆን በፋብሪካ የታተመው ግን 70 በመቶና ከዚያ በላይ ስለሚመልስ፣ አንዱ ድራይቭ ያላነበበውን ሌላው ሊያነበው ይችላል። ከተነበበ ሙሉ ግልባጩን ወደ ሃርድ ዲስክ ወስዶ ፍለጋውን በግልባጩ ላይ ማካሄድ ይሻላል። ማውጫው የማይገኝ ቢሆን እንኳ የማገገሚያ ፕሮግራሞች ፋይሎችን ከአጀማመራቸው ይለያሉ፤ ለምሳሌ ማንኛውም የጄፔግ ፎቶግራፍ 255 እና 216 በሚሉ ሁለት ባይቶች ይጀምራል። ችግር የሚሆነው ፋይሉ ተከፋፍሎ በተለያየ ቦታ የተቀመጠ እንደሆነ ነው፤ ያን ጊዜ ግማሽ ፎቶግራፍ ማግኘትም ዕድል ነው። በፈጣን ማጥፋት ማውጫውን ያጣ ሲዲ ደግሞ ተራ ድራይቭ ሊያነበው እምቢ ስለሚል በባለሙያና በተለየ መሣሪያ ካልሆነ በቀር አይከፈትም። ከሙሉ ማጥፋት በኋላ ግን በፕሮግራም የሚመለስ ነገር የለም።

ዓምዳችሁ ምክሩን ዳግመኛ ቢያወጣ ሙሉውን ማጥፋት በስሙ ጠቅሶ እንዲመክር እጠይቃለሁ። ድራይቩ አላጠፋም ያለውን ዲስክ በተመለከተም፣ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው የሚያብረቀርቀውን ገጽ በምስማር መጫር ብዙ አይጠቅምም፤ በዚያ በኩል ያለው ግልጽ ፕላስቲክ ስለሆነ ጭረቱ ተወልውሎ ዲስኩ እንደገና ሊነበብ ይችላል። የሲዲው መረጃ የሚገኘው ከላይ፣ በገጹ ላይ ከታተመው ጽሑፍ ሥር ነው፤ የዲቪዲው ደግሞ በሁለት የፕላስቲክ ንጣፎች መካከል። ሁለቱንም በጨርቅ ጠቅልሎ መሰባበር ወይም ዲስክ በሚቆርጥ ማሽን ማስቆረጥ ይገባል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ