ስቴንስሉ ከመመታቱ በፊት

ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የጎንደርን አስፈሪ ታሪኮች ሰብስበው በድሮው የጽሕፈት መኪናና በስቴንስል (ፊደል ተቆርጦበት ቀለም በሚያሳልፍ ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት) ማባዣ መጽሔት ሊያወጡ ማሰብዎን እማዬ ነገረችኝ። ኮምፒውተር ይሻላል ብዬ አልሟገትዎትም። ፔጅሜከር የሚባለው የገጽ ማቀናበሪያ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1985 እስኪወጣ ድረስ የውጭዎቹም ትንንሽ የአስፈሪ ልብ ወለድ መጽሔቶች የሚሰናዱት በጽሕፈት መኪና፣ በመቀስና በሙጫ ነበር።

ፈተና ማባዛት ያውቁበታል። ፈተና ግማሽ ገጽ ቢተርፈው ባዶውን ይቀራል፤ መጽሔት ግን ገጹ አስቀድሞ ተቆጥሮ ታሪኩ በልኩ ይቆረጣል። 24 ገጽ ማለት በሁለት ፊት የሚባዛ 12 ቅጠል ነው፤ ለ150 ኮፒ 1,800 ቅጠል። ባለ 500 ወረቀት አራት ደስጣ ቢገዙ 200 ቅጠል ለብልሽት ይተርፋል፤ መጀመሪያ ላይ ደብዝዘው የሚወጡትና ተጣብቀው የሚያልፉት ከዚያ ላይ ይነሳሉ። ወረቀቱን አጥፎ እንደ ደብተር ማሰር ያምራል፤ ሆኖም ሁለት ገጽ ጎን ለጎን ለመምታት ወረቀት የሚይዘው ሰረገላው ረጅም የሆነ የጽሕፈት መኪና ይጠይቃል። ስለዚህ በሙሉ ኤ4 ይሁንና ጎኑ በስቴፕለር ይያዝ። በጎዶሎ ቁጥር ገጽ (1፣ 3፣ 5…) በግራ፣ በሙሉ ቁጥር ገጽ (2፣ 4፣ 6…) በቀኝ 3 ሴንቲ ሜትር ክፍት ይተዉ፤ አለዚያ ሽቦው ፊደል ይበላል።

ቀጥሎ አንድ ገጽ በተራ ወረቀት መትተው መስመሩን ይቁጠሩ። 36 መስመር ከያዘ በ24 ገጽ 864 መስመር አለዎት፤ ሽፋኑ፣ ማውጫውና ርዕሶቹም ከዚያው ይቀነሳሉ። የሁሉም ታሪክ ረቂቅ በዚሁ የመስመር ስፋት እንደገና ካልተመታ ቆጠራው አይታመንም።

ቆጠራው ለወረቀት ቁጠባ ብቻ እንዳይመስልዎ። በአስፈሪ ታሪክ አንባቢው ቅጠል የሚገልጥባት ቅጽበት የአዘጋጁ ትልቋ መሣሪያ ናት። በሩ ተንኳኩቶ የቆመው ማን እንደሆነ የሚነገርበት መስመር በቀኝ ገጽ መሐል ካረፈ፣ ዓይን ከግራው ገጽ ዘሎ ቀድሞ ያየዋል፤ ድንጋጤው ይሞታል። በቀኙ፣ በጎዶሎ ቁጥሩ ገጽ ግርጌ ይንኳኳ፤ ቅጠሉ ሲገለጥ በሙሉ ቁጥሩ ገጽ አናት ይከፈት። ለዚህ ሲባል ከፊት ካለ አንቀጽ ሁለት ሦስት መስመር ማውጣት ግድ ይላል። የሚወጣ ነገር ደግሞ አይታጣም፦ “አስፈሪ”፣ “ዘግናኝ” የሚሉት ቃላት፣ ስለ አየሩ የሚያወራው መግቢያ፣ ነገሩ ሁሉ ምን እንደነበር የሚያብራራው የመጨረሻ አንቀጽ። ደራሲው ቅናሹን አይቶ ይስማማ፤ የካርቦን ግልባጩ እርስዎ ዘንድ ይቀመጥ።

ሁሉም ታሪኩን ፋሲል ግንብ ሥር ማድረግ ይወዳል። አንድ ይበቃል፤ ሌላው ወደ ቀሃ ወንዝ ወይም ወደ አዘዞ መንገድ ይሂድ። የቡዳ ታሪክም መምጣቱ አይቀርም። ሸክላ ሠሪውንና ቀጥቃጩን “ሌሊት ጅብ ይሆናል” ብሎ ማማት በወለቃ ቤተ እስራኤሎች ላይ ሳይቀር የደረሰ በደል ነው። ፍርሃቱን ከሙያ ወይም ከሰፈር ጋር ያሰረ ታሪክ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ እኔ ብሆን አላስገባውም።

እርማት በሁለት ሰው ይሁን፤ አንዱ ነጥቡን ጭምር ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ሌላው ይከተል። “ፀሐይ” በአንድ ገጽ በፀ፣ በሌላው በጸ እንዳይሆን የተመረጠው አጻጻፍ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፍ።

ስቴንስል የሚመታው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሪባኑ ከሥራ ይውጣ፤ ሰሙን የሚቆርጠው ባዶው ፊደል ነው። በየገጹ ፊደሎቹን በብሩሽ ያጽዱ፣ ሰም ይሞላቸዋል። በኃይል ከተመቱ መ፣ ቀ፣ ወ እና ዐ ክባቸው ተቆርጦ ይወድቅና ጥቁር ነጥብ ሆነው ይወጣሉ። የፊደል ቅጥያ (ለብቻው የሚመታው ጭረት) በተመታው ፊደል ላይ ሲደገም ደግሞ ስቴንስሉ ይቀደዳል፤ ሁለተኛው ምት ይለዝብ። ስሕተት ሲገኝ ስቴንስሉን ከጀርባ ወረቀቱ አላቀው የስቴንስል ማረሚያ በስሱ ይቀቡ፣ በደንብ ሲደርቅ ለስለስ አድርገው ይምቱ። ለተራ ወረቀት የሚሆነው ነጩ ማረሚያ ለዚህ አይሆንም።

ሠዓሊው ጨለማ ሌሊት በጥቁር ሞልቼ ልሳል ካለ ይከልክሉት። ሰፊ ጥቁር ቦታ ስቴንስሉን ያፈርሰዋል፣ ቀለሙም ይጎርፋል። ቀለም ባለቀበት እስክሪብቶ፣ ከሥሩ ለስላሳ ጠፍጣፋ ነገር አድርጎ፣ በቀጭን መስመር ብቻ ይሣል።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ አይጀምሩ። ወረቀቱ እርጥበት ጠጥቶ ይጠቀለላል፣ ሁለት ሁለት ሆኖ ይገባል። ደስጣው እስከሚያስፈልግበት ሰዓት አይከፈት፤ ሲከፈትም ነጣጥሎ ማራገብ ነው። የሚያብረቀርቅ ወረቀት አይግዙ፣ ቀለም አይመጥምና ከላዩ ያረፈውን ቅጠል ጀርባ ያቆሽሻል። የመጀመሪያው ፊት አንድ ሌሊት ይደር፣ ሁለተኛው በማግሥቱ ይባዛ።

ማረሚያውንና 30 ስቴንስል እዚህ አፈላልጌ በሚመጣ ሰው እልካለሁ። ናሙናው ገጽ ስንት መስመር እንደያዘ ይጻፉልኝ፤ የገጽ ድልድሉን አብረን እንሠራዋለን።

አክባሪ ልጅዎ