አሮጌው ኮንሶል ላይ ምን እንደሚመስልም አሳዩን

ይድረስ ለክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ጌም ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ አሮጌ ኮንሶሎች (ቲቪ ላይ የሚሰኩት የጌም ማጫወቻ ማሽኖች) አዲሶቹን ጌሞች ወደ ኋላ እየጎተቱ ስለሆነ ጌም ሠሪዎች ለእነሱ መሥራታቸውን ማቆም አለባቸው የሚል ሐሳብ አነበብኩ። ጸሐፊው ነገሩን በደንብ ያውቁታል። ግን አሮጌውን ኮንሶል ይዞ የቀረው ሰው ጽሑፉ ውስጥ የለም። እኔ ከእነዚያ ሰዎች አንዱ ስለሆንኩ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ለወራት የጠበቅኩት አንድ ጌም ነበር። ማስታወቂያውን እየመላለስኩ አይቼዋለሁ። በወጣበት ቀን ዲስኩን ገዛሁ። ሽፋኑ ላይ የእኔ ኮንሶል ስም በትልቁ ተጽፏል። ጭኖ እስኪጨርስ መሸ። ጨዋታው ሲጀምር ገጸ ባሕሪዬ አንድ መንገድ ላይ ቆማለች። ፊት ለፊቷ ያለው ግድግዳ ጭቃ የተቀባ ይመስላል። ትንሽ ቆይቶ ጡቦቹ ታዩ። ከዚያ ጡቡ ላይ የተለጠፈው ወረቀት መጣ። ጽሑፉ የተነበበው እኔ ካለፍኩት በኋላ ነው። የኮንሶሉ ማራገቢያ የቲቪውን ድምፅ እስኪውጥ ድረስ ይጮኻል። መኪና ውስጥ ገብቼ ፍጥነት ስጨምር ጭራሽ ስተክ አደረገ። አጠገቤ የነበረው ታናሽ ወንድሜ «ዲስኩ ተቧጥጦ ይሆን?» አለኝ። አውጥተን በጨርቅ ጠርገን መለስነው። ዲስኩ ምንም አልሆነም። ማስታወቂያውን እንደገና ከፍቼ ሳየው፣ ግርጌው ላይ በደቃቅ ፊደል ምስሉ ከኮምፒውተር የተቀረጸ መሆኑ ተጽፏል።

ችግሩ ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። ፕሌይስቴሽን 4 እና ኤክስቦክስ ዋን የወጡት እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ነው። ውስጣቸው ያለው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ካነበበ ጥሩ ነው። በ2020 የመጣው የፕሌይስቴሽን 5 ኤስኤስዲ፣ ማለትም ምንም የሚሽከረከር ነገር የሌለው ማከማቻ፣ ደግሞ በሰከንድ 5.5 ጊጋባይት ያነባል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የፕሌይስቴሽን 5 ዋና ንድፍ አውጪ ማርክ ሰርኒ በ2020 ሲያስረዳ የጠቀሰው ነገር ከአእምሮዬ አይጠፋም። ሃርድ ዲስክ አንድን ነገር ፈልጎ እስኪያገኝ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ጌም ሠሪዎች ያንኑ ዕቃ ዲስኩ ላይ በየቦታው ይገለብጡታል፤ ማሽኑ የትም ቢሆን ቅርብ እንዲያገኘው። በ2018ቱ የስፓይደርማን ጌም ውስጥ 400 ጊዜ የተደጋገመ ዳታ ነበር። ስፓይደርማን ከተማው ውስጥ ሳያቋርጥ ከሕንፃ ሕንፃ እንዲወነጨፍ ይህን ያህል ቦታ ይባክን ነበር ማለት ነው። በአዲሱ ማሽን ላይ ይህ ሁሉ ጣጣ ቀረ። ለአሮጌውም የሚሠራ ሰው ግን የጌሙን ዓለም ሲነድፍ ያንን ቀርፋፋ ዲስክ ማሰቡ የግድ ነው። ይህን አልክድም።

የማልስማማው ከዚህ ተነስቶ በሚደረሰው ድምዳሜ ነው።

ፕሌይስቴሽን 4 ከ117 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ይህን ሁሉ ሰው በአንድ ሌሊት ጥሎ መሄድ አይቻልም፤ ኩባንያዎቹም አልሞከሩትም። ጎድ ኦፍ ዋር ራግናሮክ በኖቬምበር 2022 ሲወጣ ፕሌይስቴሽን 4 ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ብቻ ቀርተውት ነበር። አሮጌው ላይ በሰከንድ 30 ፍሬም (ምስል) ብቻ ነው የሚያሳየው፤ አዲሱ ላይ ያለውን ልስላሴ አያገኝም። ግን ጌሙ ሙሉ ነው። ከዚያ በፊት በ2017 ኔንቴንዶ ያደረገውንም አስታውሳለሁ። የዜልዳው ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ መጀመሪያ የተሠራው ለኩባንያው አሮጌ ኮንሶል ለዊ ዩ ነበር። ዊ ዩ ደግሞ ብዙም አልተሸጠም፤ በአጠቃላይ የገዛው 13.5 ሚሊዮን ገደማ ሰው ነው። አዲሱ ኮንሶል ስዊች ሲደርስ ጌሙን ለአዲሱ ብቻ ማድረግ ይቻል ነበር። ኔንቴንዶ ግን በአንድ ቀን በሁለቱም ላይ አወጣው። ለእኔ ይህ ለደንበኛ የተገባን ቃል መጠበቅ ነው።

እንዲያውም አንዳንዴ አሮጌው ቅጂ አዲሱን ኮንሶል የገዛውንም ይጠቅማል። ኤልደን ሪንግ በ2022 ሲወጣ ይበልጥ የተረጋጋ ጨዋታ ያገኘው የፕሌይስቴሽን 4ን ቅጂ ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ጭኖ የተጫወተ ሰው ነበር።

ታዲያ የሚያናድደኝ ምንድን ነው? መደበቁ ነው። ሳይበርፐንክ 2077 በዲሴምበር 10 ቀን 2020 ወጣ። ጌሙን ቀድመው የገመገሙ ጋዜጠኞች ያገኙት የኮምፒውተሩን ቅጂ ነበር። የሰጡት ነጥብም ከፍ ያለ ሆነ። ቀድሞ የከፈለው የፕሌይስቴሽን 4 እና የኤክስቦክስ ዋን ባለቤት ቤቱ ሲከፍተው ግን በብልሽት የተሞላ ሌላ ነገር ሆኖ አገኘው። በስምንተኛው ቀን የፕሌይስቴሽን አምራች ሶኒ ከኦንላይን መደብሩ አወጣውና ገንዘብ መመለስ ጀመረ። ጌሙ ወደ መደብሩ የተመለሰው በጁን 2021 ነው። ሠሪው ኩባንያ ሲዲ ፕሮጀክት ይቅርታ ሲጠይቅ አንድ ትክክለኛ ነገር ተናገረ፤ ሰው አይቶ እንዲወስን ጌሙን በአሮጌዎቹ ኮንሶሎች ላይ አስቀድመን ማሳየት ነበረብን አለ። ይህን ቃል ሁሉም ጌም ሠሪ ከሽያጭ በፊት ቢያስበው ኖሮ እኔና ወንድሜ ደህናውን ዲስክ በጨርቅ ስንጠርግ አናመሽም ነበር።

ለአሮጌው ኮንሶል ሠርቶ ማድረስ ያቃተው ጌም ሠሪም የሚሄድበት መንገድ አለው። ሆግዋርትስ ሌጋሲ በፌብሩዋሪ 2023 ለአዲሶቹ ወጥቶ ለአሮጌዎቹ በሜይ ደረሰ። ሦስት ወር መጠበቅ ያሰለቻል፤ ተበላሽቶ ከሚመጣ ግን ይሻላል። የጎተም ናይትስ ሠሪዎች ደግሞ ከመውጣቱ ወራት ቀደም ብለው የአሮጌው ቅጂ መሰረዙን ተናገሩ። ቅር ይላል፤ ግን ገንዘቤ ኪሴ ውስጥ ነው።

አንድ ሌላ ነገርም ይቆረቁረኛል። ሆራይዘን ፎርቢደን ዌስት በ2022 ለፕሌይስቴሽን 4ም ወጣ። በ2023 የመጣው ተቀጥላው፣ ታሪኩን የሚቀጥለው ተጨማሪ ክፍል በርኒንግ ሾርስ፣ ግን ለፕሌይስቴሽን 5 ብቻ ሆነ። የሳይበርፐንክ ተቀጥላም በዚያው ዓመት እንዲሁ አሮጌዎቹን ተወ። ምክንያታቸው ቴክኒካዊ ሊሆን ይችላል፤ ይሁን። ታሪኩን ጀምሮ መሀል ላይ የሚቀረው ሰው ግን ዋናውን ጌም ሲገዛ ይህን ማወቅ ነበረበት።

እናንተም በዚህ ውስጥ ድርሻ አላችሁ። ስለ አንድ ጌም ስትጽፉ በየትኛው ማሽን እንደተጫወታችሁት መጀመሪያው መስመር ላይ ንገሩን። ሁለቱም ላይ የሚወጣ ከሆነ አንድ ሰዓት እንኳ አሮጌው ላይ ክፈቱት። ጎዳናው ሲሞላ ምን እንደሚሆን፣ ሎዲንጉ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ፣ ድብድቡ ሲጦፍ ስተክ ያደርግ እንደሆነ ጻፉልን። የአሮጌው ቅጂ ካልተሰጣችሁም «አልሰጡንም» በሉን። ያቺ አንዲት ቃል እኔን ለሁለት ሳምንት ታስታግሰኝ ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ